ሩብ ኪሎ የማይሞላው መድኃኒት

በዚህ ዝግጅት የሚጠሩት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና የሚጓዝ ሰው ዘነበወርቅ ሲደርስ የአለርትን ግቢ ያገኛል። ሰፈሩ የሚጠራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ነው፤ በ1930ዎቹ በስማቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል እዚህ ተቋቁሞ ነበርና። በ1965 የሥጋ ደዌ ማዕከል የሆነው አለርት ተመሠረተ። በ1970 ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች በዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን፣ ሰው አህሪ እያለ የሚጠራውን፣ አቋቋሙ።

ሐንሰን በርገን በተባለችው የኖርዌይ ከተማ በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኙ ሐኪም ናቸው። ከዚያ ወዲህ 150 ዓመት አልፏል፤ ባክቴሪያውን ግን እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ምግብ ላይ ለብቻው ያሳደገው የለም። በአይጥ መዳፍ ይራባል፤ አርማዲሎ በሚባለው የአሜሪካ እንስሳም ይራባል። በብልቃጥ ውስጥ ግን እምቢ ብሏል። የሚገርመው፣ እምቢ ያለው ባክቴሪያው ሆኖ ሳለ የሰው ህዋስ እሺ ማለቱ ነው። የአህሪ ተመራማሪዎች ገና በ1970ዎቹ ከሕሙማን ደም ነጭ ህዋሳትን ለይተው ለቀናት በብልቃጥ ያኖሯቸው ነበር፤ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ሲጨመርባቸው ህዋሳቱ ይነቁና መከፋፈል ይጀምራሉ ወይስ ዝም ይላሉ የሚለውን ለማየት።

የጡት አጥቢ እንስሳ ህዋስ ከአካል ውጭ መኖር ብቻ ሳይሆን ተቀጥሮ መሥራትም ይችላል። ዛሬ ዓለም ላይ ደም ለማይረጋላቸው ሰዎች ከሚሰጠው መድኃኒት ትልቁ ክፍል የሚመረተው እንዲህ ባሉ ህዋሳት ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እነርሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ። ሄሞፊሊያ የሚባለው ደም ያለመርጋት ሕመም ያለበት ልጅ ሲወለድ ከማንኛውም ሕፃን አይለይም። በብዙ ቤት ነገሩ የሚታወቀው በስምንተኛው ቀን፣ በግርዘቱ ነው፤ ደሙ አልቆም ይላል። ያን ቢያልፍ እንኳ እንጥል ሲቆረጥ ወይም የወተት ጥርስ ሲነቀል ይገለጣል። ሁለቱም ቢቀሩ ልጁ መዳህ ሲጀምር ጉልበቱ ያለ ምክንያት ያብጣል፤ ቤተሰቡም ወድቆ ነው ይላል፣ ወይም ዓይን ነው ይላል። ብዙ ሰው ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ደም እንደ ቧንቧ የሚንዠቀዠቅ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ፍጥነቱ ከሌላው ሰው እኩል ነው፤ ችግሩ አለማቆሙ ነው። ከውጭ ከሚታየው ቁስልም የሚከፋው በመገጣጠሚያ፣ በጡንቻና በአንጎል ውስጥ የሚፈሰው ነው። ደጋግሞ የደማ ጉልበት ልስላሴውን አጥቶ ይደርቃል፤ ልጁም በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ያነክሳል።

ደም የሚረጋው ከዐሥር በላይ የሚሆኑ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ነው። ሐኪሞች ፋክተር ይሏቸዋል፤ ቁጥርም ሰጥተዋቸዋል። ፋክተር 8 ሲጎድል ሄሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 ሲጎድል ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። የሁለቱም መመሪያ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ በአብዛኛው የሚታመሙት ወንዶች ናቸው፤ ሴቶች ተሸካሚዎች ይሆናሉ። ከሕመምተኞቹ ሢሶ ያህሉ ግን በቤተሰባቸው ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሕመም ታይቶ አያውቅም። ሄሞፊሊያ ኤ ከ5,000 ወንድ ልጆች በአንዱ ገደማ ይከሠታል፤ የአገር ወይም የዘር ልዩነት ብዙም አያውቅም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት ኢትዮጵያ ይህ ማለት ወደ ዐሥር ሺህ የሚጠጉ ወንዶች ማለት ነበር። በሐኪም መዝገብ ላይ ስማቸው የሰፈረው ግን ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው። የቀሩት ወይ ሳይታወቁ ሞተዋል፣ ወይ ሳይታወቁ ያነክሳሉ።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያለው አድማጭ አብሮን ያስላ። የፋክተር 8 መለኪያ ዩኒት ይባላል፤ አንድ ዩኒት በአንድ ሚሊሊትር ጤነኛ ፕላዝማ ውስጥ የሚገኘው መጠን ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት አንድ ዩኒት ሲሰጥ በደም ውስጥ ያለው ፋክተር በመቶኛ 2 ከፍ ይላል። ክብደቱ 20 ኪሎ የሆነ፣ ጉልበቱ የደማ ልጅ ፋክተሩን ወደ 50 በመቶ ለማድረስ 500 ዩኒት ያስፈልገዋል። ይህን በፕላዝማ እንስጥ ቢባል ግማሽ ሊትር መሆኑ ነው። የልጁ ደም በጠቅላላው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ግማሽ ሊትር ባንድ ጊዜ ቢጨመርበት ልብና ሳንባው ይጨነቃሉ። በዚያ ላይ ከተሰጠው ፋክተር ግማሹ በ12 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ እንደገና መስጠት ያሻል። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ሐኪም እጅ የነበረው ግን ይኸው ፕላዝማ ነው፤ ሲጠፋም ሙሉ ደም።

ሌላው ዓለም ከዚህ ጣጣ የወጣው በሁለት እርምጃ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጁዲት ፑል የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከታች የሚቀረው ዝቃጭ በፋክተር 8 የበለፀገ መሆኑን አሳዩ። ክራዮፕሪሲፒቴት የሚባለው ይኸው ነው። ቀጥሎ ፋብሪካዎች የሺዎችን ሰዎች ፕላዝማ ባንድ ጋን እየቀላቀሉ ደረቅ ዱቄት አወጡ። ለጥቂት ዓመታት ዘመኑ የደስታ ይመስል ነበር። ከሺህ ለጋሾች አንዱ ቫይረስ ቢኖርበት ግን ጋኑ በሙሉ ይበከላል። በ1980ዎቹ የሆነውም ይኸው ነው፤ በአሜሪካ ካሉት የሄሞፊሊያ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ በኤችአይቪ ተያዙ፤ በሄፓታይተስ ሲ የተያዙት ከዚያም ይበዛሉ። ከመካከላቸው በስሙ የሚታወቀው የኢንዲያና ልጅ ራያን ዋይት ነው፤ ከትምህርት ቤት ተከልክሎ ተሟግቶ ተመለሰ፣ በ1990 በ18 ዓመቱ ሞተ።

ታዲያ ፋክተር 8ን ያለ ሰው ደም መሥራት አይቻልም? ጥያቄው በዚያን ጊዜ ብርቱ ነበር። መልሱ በ1984 በኔቸር መጽሔት ወጣ። ካሊፎርኒያ ያለው ጄነንቴክ፣ ፕሮቲኑን አጥርተው ካወጡት ከለንደኑ ሐኪም ኤድዋርድ ተደንሃም ጋር ሆኖ፣ ማሳቹሴትስ ያለው ጄነቲክስ ኢንስቲትዩት ደግሞ በራሱ መንገድ የፋክተር 8ን ጂን ማግኘታቸውን ባንድ ሰሞን አስታወቁ። እስከዚያ ድረስ ከተነበቡት ጂኖች ሁሉ ትልቁ ነበር፤ 186,000 ፊደላት ርዝመት አለው፤ የሚያዝዘውም 2,332 አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበትን ፕሮቲን ነው። የፋክተር 9 ጂን፣ ይህ እጅግ አነስተኛው፣ በ1982 ቀድሞ ተገኝቷል።

ኢንሱሊን የሚሠራው በባክቴሪያ ወይም በእርሾ ነው፤ ርካሽም ፈጣንም ነው። የደም ፋክተሮች ግን በዚያ መንገድ አልሆኑም። ፋክተር 9ን እንውሰድ። ጉበት ይህን ፕሮቲን ከሠራ በኋላ በቫይታሚን ኬ እየታገዘ በ12 ቦታዎች ላይ ትንሽ ኬሚካላዊ ጭማሪ ይለጥፍበታል። ያ ጭማሪ ከሌለ ፕሮቲኑ ካልሲየም አይዝም፤ ካልሲየም ካልያዘም በቁስሉ ቦታ አይጣበቅም። ለአራስ ልጅ ቫይታሚን ኬ የሚወጋው፣ ዋርፋሪን የሚባለው ደም አቅጣኝ መድኃኒትም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ባክቴሪያ ይህን ልጠፋ አያውቅም። በፋክተር 8 ላይ ደግሞ የስኳር ሰንሰለቶች መንጠልጠል፣ ሰልፈር መለጠፍ፣ እጥፋቱም በትክክል መታጠፍ አለበት። ይህን ሁሉ የሚያውቅ የጡት አጥቢ እንስሳ ህዋስ ብቻ ነው።

ሦስት ህዋሳት በዚህ ሥራ ስም አውጥተዋል። የመጀመሪያው ቾ ይባላል፤ በ1957 በዴንቨር ቴዎዶር ፑክ ከቻይና ሃምስተር እንቁላል ዕጢ ያወጡት ነው። ሃምስተር የአይጥ ዘመድ ነው፤ እነዚያ ሃምስተሮች አሜሪካ የገቡት በ1948 መጨረሻ፣ የቻይና የእርስ በርስ ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም 20 የሚሆኑትን በሳጥን አድርገው ከሻንጋይ በአውሮፕላን ስላወጧቸው ነው። ሁለተኛው ቢኤችኬ ነው፤ ግላስጎው ላይ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሶርያ ሃምስተር ግልገል ኩላሊት የተወሰደ። ሦስተኛው ሄክ 293፣ በ1973 በኔዘርላንድ ላይደን ከሰው ፅንስ ኩላሊት የተገኘ ህዋስ ነው። ሦስቱም ሳያረጁ ይከፋፈላሉ፤ በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ እየተባዙ እዚህ ደርሰዋል።

ህዋሱን ለመቅጠር የሰውን ጂን ማስገባት ብቻ አይበቃም፤ ብዙ እንዲያመርት ማስገደድ ያሻል። ላሪ ቻሲንና ጌይል ኡርላውብ በ1980 ለዕድገት የግድ የሚያስፈልግ አንድ ኢንዛይም የጎደለው የቾ ህዋስ ሠሩ። ለዚህ ህዋስ የፋክተሩን ጂንና የጎደለውን ኢንዛይም ጂን ባንድ ላይ ይሰጡታል፤ ያልተቀበለው ህዋስ ይሞታል። ከዚያ ሜቶትሬክሴት የተባለውን፣ ለካንሰር የሚሰጠውን መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩበታል። መድኃኒቱ ኢንዛይሙን ያፍናል። ህዋሱ ለመትረፍ የኢንዛይሙን ጂን በብዙ ቅጂ ማባዛት ይኖርበታል፤ ጎን ለጎን የተቀመጠው የፋክተር 8 ጂንም አብሮ ይባዛል። ጭካኔ ያለበት ብልሃት ነው፤ ግን ሠርቷል።

ሆኖም ፋክተር 8 አስቸጋሪ ነው። ህዋሱ ውስጥ ከተሠራው አብዛኛው ሳይወጣ ይቀራል፤ የፕሮቲን እጥፋት የሚቆጣጠሩ ሌሎች ፕሮቲኖች ይይዙታል፣ ከዚያም ይፈርሳል። የወጣውም በፍጥነት ይበላሻል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ብዙ ዘዴ ሞከሩ። በደም ውስጥ ፋክተር 8ን አቅፎ የሚጠብቀውን ቮን ዊለብራንድ የተባለ ፕሮቲን እዚያው ህዋስ ውስጥ አብረው አሠሩት። ሌሎቹ ከፕሮቲኑ መሀል ለደም መርጋት የማያስፈልገውን 900 ያህል አሚኖ አሲድ ቆርጠው ጣሉ፤ ያጠረው ፕሮቲን ሥራውን አልተወም። ለፋክተር 9ም ጫፉን የሚቆርጥ ኢንዛይም ጨምረው ለህዋሱ ሰጡት፤ ያለዚያ ከፊሉ ሳይታረም ይወጣ ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ ሥራው የሚጀመረው በፈሳሽ ናይትሮጂን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ከቀዘቀዘ አንድ ብልቃጥ ነው። ህዋሱ ይቀልጣል፣ በአነስተኛ ዕቃ ይባዛል፣ ከዚያ ወደ ትልቁ የብረት ጋን ይሻገራል። በዚያ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ነው፤ ኦክስጅን፣ ስኳር፣ አሚኖ አሲድና ቫይታሚን በልክ ይሰጠዋል። እንደ እንጀራ እርሾ ካለፈው ጥቂት አቆይተው በእርሱ አይቀጥሉም፤ ህዋሱ ሲከራርም ጠባዩን ስለሚለውጥ ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያው ቅዝቃዜ ይመለሳሉ። የቾ ህዋስ ለመከፋፈል አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። አንድ የገባ ባክቴሪያ ግን በየ20 ደቂቃው ሊከፋፈል ይችላል፤ ጋኑን ለማበላሸት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ቫይረስም እንዲሁ ነው፤ በ2009 በአሜሪካ የጄንዛይም ፋብሪካ በቾ ጋኖቹ ውስጥ አንድ ቫይረስ ገብቶ ማምረት ሲያቆም፣ መድኃኒቱን የሚጠብቁ የሌላ ብርቅዬ ሕመም ታካሚዎች ለወራት እጥረት ገጠማቸው።

ፋክተር 8 ቶሎ የሚበላሽ በመሆኑ አንዳንድ ፋብሪካዎች ህዋሱን በጋኑ ውስጥ እያቆዩ ፈሳሹን ብቻ ያለማቋረጥ ይቀዳሉ፤ አንድ ዙር ለወራት ይዘልቃል። የተቀዳው በማጣሪያ ዓምዶች ያልፋል፣ ቫይረስ በሚገድል ሳሙና መሰል ፈሳሽ ይታጠባል፣ እጅግ ረቂቅ በሆነ ወንፊት ይጣራል፣ በመጨረሻ ደርቆ በትንሽ ብልቃጥ ይታሸጋል። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ፋክተር 8 አሜሪካ ውስጥ በ1992 ተፈቀደ፤ በቾ የተሠራው ነበር። በቢኤችኬ የተሠራው በ1993 ተከተለ። ፋክተር 9 በ1997። በ1996 አውሮፓ የፈቀደችው በቢኤችኬ የሚሠራ ፋክተር 7 ደግሞ ሰውነታቸው ለፋክተር 8 ፀረ እንግዳ አካል ላመረተባቸው ሕሙማን ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ሄሞፊሊያ ኤ ከበረታባቸው ሕሙማን ከሦስት አንዱ ገደማ መድኃኒቱን ሰውነቱ እንደ ጠላት ያየዋል። በ2016 የታተመ፣ በበርካታ አገሮች 251 ሕሙማንን የያዘ ጥናት ፀረ እንግዳ አካሉ በህዋስ ከተመረተው ፋክተር በተሰጣቸው ልጆች ዘንድ በመቶ 44፣ ከፕላዝማ በተዘጋጀው ዘንድ በመቶ 27 ገደማ ሆኖ አግኝቷል። አዲሱ ከቫይረስ የጸዳ ነው፤ በሁሉም ነገር ይበልጣል ማለት ግን አይደለም።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው ፋክተር የሚገኘው ከዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በሚላክ እርዳታ ሲሆን፣ የሕክምናው ዋና ማዕከል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። በ2014 ባዮጀንና ሶቢ የተባሉ ኩባንያዎች በዐሥር ዓመት ውስጥ እስከ 1 ቢሊዮን ዩኒት ፋክተር ለታዳጊ አገሮች ለመስጠት ቃል ገቡ። ያመርቱ የነበረው በሄክ 293 ህዋስ ነው። ቢሊዮን ሲባል ጆሮ ላይ ብዙ ነው፤ ንጹሕ የፋክተር 8 ፕሮቲን ግን አንድ ሚሊግራሙ ከ4,000 ዩኒት በላይ ስለሚይዝ፣ ያ ሁሉ ፋክተር 8 ሆኖ ባንድነት ቢመዘን ሩብ ኪሎ ባልሞላ ነበር። ለአንድ ልጅ ጉልበት የሚሰጠው 500 ዩኒት የአንድ ሚሊግራም አንድ ስምንተኛ ቢሆን ነው። እንዲህ ያነሰ ነገር ለማውጣት እንዲያ የሰፋ ፋብሪካ መቆሙ የዋጋውን ምክንያት ያስረዳል።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ እኛስ ለምን አናመርትም ይላል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በ1964 የተቋቋመ ነው፤ ለበግና ለፍየል በሽታ የሚሆን ክትባት በጦጣ ኩላሊት ህዋስ ላይ፣ ለከብቶች የአፍና የእግር በሽታ የሚሆን ክትባት ደግሞ በቢኤችኬ ህዋስ ላይ ያመርታል። አዎ፣ ያው የሶርያ ሃምስተር ኩላሊት። ህዋሱን ከናይትሮጂን የሚያወጡ፣ የሚያበሉ፣ ከብክለት የሚጠብቁ ባለሙያዎች አገር ውስጥ አሉ ማለት ነው። ዘነበወርቅ ባለው አህሪም የህዋስና የጂን ሥራ ለባለሙያዎቹ እንግዳ አይደለም።

ሆኖም ለከብት ክትባት ያደገ ቫይረስና ለሕፃን ደም ሥር የሚወጋ ፕሮቲን ሩቅ ለሩቅ ናቸው። ለሁለተኛው የማጥራቱ ሥራ ከማሳደጉ ይብሳል፤ ፈቃዱ፣ ፍተሻው፣ የሰው ሙከራው ዓመታትን ይወስዳል። በጥቂት ሺህ ሕሙማን ገበያም አይቆምም። የዚህ ዝግጅት አዘጋጆች አስተያየት ለጊዜው የፋብሪካው ጥያቄ መቅደም የለበትም የሚል ነው። የሚቀድመው የማይታወቁትን ማወቅ ነው። የተለገሰ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ልጁ የት እንዳለ ካልታወቀ ግን ብልቃጡ ቀኑ አልፎበት ይጣላል። ለማወቅ ደግሞ ሃምስተር አያስፈልግም። ሲትሬት የያዘ፣ ክዳኑ ሰማያዊ የሆነ ቱቦና የደም መርጊያ ጊዜ የሚለካ መሣሪያ ይበቃል። ፕሌትሌቱ ደህና ሆኖ፣ አንደኛው የመርጊያ ጊዜ ረዝሞ ሌላኛው ልኩን ከያዘ ሐኪም ሄሞፊሊያን ይጠረጥራል፤ የፋክተር ልኬቱ ቀጥሎ ይታዘዛል።

ስለዚህ አጎቱ ወይም ወንድሙ ሲገረዝ ብዙ ደም የፈሰሰው ሕፃን ከመገረዙ በፊት ለሐኪም ይነገር። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ለማንም ልጅ አይጠቅምም፤ ለዚህ ልጅ ደግሞ ሊገድለው ይችላል። ጉልበቱ ያበጠ ልጅ አይታሽ፤ እግሩ ከፍ ብሎ ይረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይደረግበት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሰጠው፣ አስፕሪን ግን አይሰጠው። በጡንቻ መርፌ ሊወጋ ሲል እናትየው ደሙ እንደማይቆም ለነርሷ ትንገር። ጭንቅላቱን ከተመታ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ለምርመራ የሚወሰደው የደም ናሙናም ከተቀዳ በአራት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ገብቶ መመርመር አለበት፤ ከዚያ ካለፈ በቱቦው ያለው ፋክተር 8 ራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ ሊያስመስለው ይችላል።